እሳቱ ሰ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና ከተባለ። ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ ይህን በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። የአያትሽን ዐርባ አወጣን። መንገድ ተዘግቶብሽ አለመምጣትሽ እንደሚያንገበግብሽ ዐውቃለሁ፤ እንግዲህ ያላየሽውን እኔው ልጻፍልሽ።

ለመጻፍ ስቀመጥ፣ ታምኚያለሽ፣ እጄ ፈራ። ደብረ ማርቆስ ስማር ለአባባ የላክሁትን የመጀመሪያ ደብዳቤ መልሶ ላከልኝ። መልሱን አይደለም፣ ራሱን ደብዳቤውን፣ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ! «ሠላም» ብዬ ጀምሬ ኖሮ፣ ከበላዩ «ንጉሡ ሠ አይደለም፣ እሳቱ ሰ ነው» ይላል። ከግርጌው 6 ከ10። ናፍቀሽኛል የምትል ቃል የለችበትም። ለጓደኞቼ እያሳየሁ አማሁት፤ ፖስታው ውስጥ ሃምሳ ብር ተጣጥፎ እንደነበር ግን ለማንም አልተናገርሁም።

እንዲህ ነበር። አንቺን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሚያስቅሽ ሰውዬ ለእኛ ሌላ ነበር። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ «አባባ» ብዬ እጄን ባወጣ በአርጩሜ ሾጥ አደረገኝ፤ «እዚህ ጋሼ ነኝ!» ብሎ። ደመወዙም ቤት ሳይደርስ በሰው ልጅ ደብተር ያልቅ ስለነበር፣ ያሳደገን የእማማ ጠላ ነው። ይህንንም አብረሽ ዕወቂው፤ ለቅሶ ቤት የሚያነሣው የለም።

በሰልስቱ ዕለት ከደጀን ቆላ፣ ከዓባይ በረሃ፣ አንድ ጎልማሳ በእግሩ መጣ። የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ለካ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ክረምት ሲጀመር አባባ በልጅነቱ የዘመተው እዚያ ኖሯል። ገበሬው ቀን እርሻ ስለሚውል በኩራዝ ማታ ማታ ነበር የሚያስተምራቸው። የሰውየው አባት ዕድሜ ልኩን አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ ሲፈርም የኖረ ነው። ስሙን መጻፍ የቻለ ዕለት ሚስማር አግሎ ዕርፉ ላይ ተኮሰው። «አንዷ ፊደል ተሳስታ ኖሮ፣ ጋሼ በቢላዋ አስፍቆ አስደገመው» ሲል ለቀስተኛው ሁሉ በእንባው መሀል ሳቀ። ያው አባባ ነዋ! እኛን ግን አንድ ቀን እንኳ አጫውቶን አያውቅም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት ሬዲዮውን ይዞ ደጅ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ግን አላስቀምጥ አለው። የጓዳውን አሮጌ በር ነቀለና ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየጎረቤቱ ለቅሞ፣ ሰባብሮ፣ ጥቁሩን ወቅጦ በውኃ በጠበጠው። በጨርቅ አንድ ጊዜ ቀባው፣ ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ ደገመው። ሰሌዳ ሆነ። ጥፍሩ ሥር የገባው ጥቁር በሳሙና አልለቅ ብሎ ሰንብቶ፣ እኔ ነበርሁ የማጎርሰው።

መጀመሪያ አምስት ልጆች መጡ። በኋላ ሃያ ሰባት ደርሰው ጀሪካንም ድንጋይም ላይ ይቀመጡ ነበር። አርጩሜ አለመያዙ ገርሞኝ ብጠይቀው፣ «እናንተ ተልካችሁብኝ ነበር፤ እነዚህ ራሳቸው ናቸው የመጡልኝ» አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል እንጂ ሌላስ ምን እላለሁ።

አልቃሿ እንዲህ አለች፦

ጥቁር መሬት አርሶ ነጭ ዘር የዘራ፣
አዝመራው ሲያሸት ገበሬው ተጠራ።

እኔ እስከዚያች ድረስ ችዬ ነበር።

በሩ አሁንም እዚያው ቆሟል። የመጨረሻ ቀን የጻፈው የማካፈል ሒሳብ አለበት፤ የሚያጠፋው ሰው ጠፍቶ መልሱ ሳይሠራ ቀረ። ትናንት የጎረቤታችን ትንሹ ልጅ መጥቶ፣ «እቴ፣ ማን ነው የሚያርምልን?» ሲለኝ ከአፌ አምልጦኝ ሰኞ ኑ አልሁት። ማካፈል እንደሆነ ያኔም አልሆነልኝም፤ ከፊደሉ እንጀምራለን።

ያለው ጠመኔ ሁለት ብቻ ነው። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ አንድ ፓኮ ላኪልኝ። ደግሞ ባለፈው በቴሌግራም «ሠላም እማዬ» ብለሽ የጻፍሽልኝ፣ እሳቱ ሰ ነው።

እናትሽ