ጣትሽ ፍሬንሽ ነው

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውርጩ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል፤ የጓሮው ጎመን ጠዋት ጠዋት አመዳይ ለብሶ ይታያል። እዚያ ጣሊያን፣ ቱሪን ውስጥ ስኩተር ስትነጂ እጅሽን ቆፈን እንደሚይዘው የነገርሽኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። በስልክ ብመልስልሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ወደ ሌላ ወሬ እንደምትሻገሪ ስለማውቅ በጽሑፍ አደረግሁት።

ከሌሊት ተረኛነት ተመልሰሽ በር ላይ ስትደርሺ ቁልፉን ማዞር አቃተኝ ስትዪ እናትሽ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቁልፍ ማዞር ያቃተው ጣት ከአንድ ደቂቃ በፊት ፍሬን ይዞ ነበርና። የእኔ የመሥሪያ ቤት ያማሃ ሞተር ብስክሌት የኋላ ፍሬኑ በእግር የሚረገጥ ስለ ነበር እጄን ቆፈን ቢይዘውም በእግሬ አቆመው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ያየሻቸው አሮጌ ቬስፓዎች እንኳ የኋላ ፍሬናቸው በእግር ነው። የአንቺ አውቶማቲክ ስኩተር ግን ሁለቱም ፍሬኖች እጅ ላይ ናቸው፤ የፊቱ በቀኝ፣ የኋላው በግራ። እግርሽ ተቀምጦ ከመሄድ በቀር ሥራ የለውም። ስለዚህ የእጅ ብርድን እንደ ምቾት ጉዳይ አትቁጠሪው፤ ጣትሽ ፍሬንሽ ነው።

ቬስፓን የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓ ሲወጣ ከነጂው ፊት ሰፊ ቆርቆሮ አቆመለትና ጫማንና ልብስን ከጭቃ አዳነ። እጅን ግን ከማኑብሪዮው፣ ከመሪው ማለቴ ነው፣ ጫፍና ጫፍ ለነፋስ ሰጥቶት ቀረ። የአንቺም ስኩተር የእርሱ ዘር ነውና እግርሽ ሲጋረድ እጅሽ ፊት ለፊት ይገረፋል። ቱሪን ላይ ቴርሞሜትሩ ዜሮ ባለ ሌሊት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትነጂ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማው። ከፖ ወንዝ የሚነሣው ጉም ጓንቱን ካረጠበው ደግሞ ይብሳል።

አሁን ገዝተሽው እጅሽን ወዳላሞቀው ወደዚያ ውድ ጓንትሽ ልምጣ። ሻጩ «ለተራራ የተሠራ ነው» ያለሽን አምናለሁ፤ ተራራ የሚወጣ ሰው ግን ጡንቻው ይሠራል፣ ደሙ ይሞቃል። አንቺ ተቀምጠሽ ነው የምትሄጂው። ጓንት ሙቀት አይሠራም፤ ደም ያመጣለትን ሙቀት ይይዛል እንጂ። ሰውነት ደግሞ ልብና ሳንባ በረዳቸው ብሎ ከሠጋ መጀመሪያ የሚዘጋው ወደ ጣት የሚሄደውን የደም ሥር ነው። ይህንን ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ፤ ሆስፒታል የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ግን በላክሽልን ፎቶ ላይ አንገትሽ ባዶ፣ ጃኬትሽም ከላይ እስከ ደረትሽ ክፍት ነበር። ከደረት ጀምሪ። ነፋስ የማያስገባ ልብስ፣ እስከ አገጭ የሚደርስ የአንገት ልብስ። ሌላ ካጣሽ ጋዜጣ አጥፈሽ ከጃኬቱ ሥር አድርጊ። የጣሊያን ብስክሌተኞች ተራራ ወጥተው ቁልቁል ሲወርዱ ጋዜጣ ማልያቸው ውስጥ ይከቱ ነበር፤ እኔም አዲስ ዘመንን ደረቴ ላይ ለጥፌ ስንቱን ጠዋት አሳልፌዋለሁ። ሳልጨርሰው የቀረኝን ርዕሰ አንቀጽ በላብ ቀለሙ ደብዝዞ ማታ አነበው ነበር።

አንቺ ሳትወለጂ በፊት ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ጥግ ወዳሉት ቀበሌዎች በግ ልንከትብ ስንወጣ፣ ክትባቱ ከኋላዬ በበረዶ ሣጥን ይጫናል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። እኔም በመንገዱ ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብልቃጥ ከእኔ ጣት ይሻላል እያልሁ እቀና ነበር! ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ሣሩ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ስንደርስ ገበሬው በጉን ይዞ ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ የመርፌውን መግፊያ መጫን አልችልም። ያን ጊዜ ሁለቱን እጆቼን በበጉ የፊት እግሮች ብብት፣ ጸጉሩ ሳስቶ ቆዳው በሚነካበት ቦታ አስገባቸዋለሁ። በጉ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጣቴ መንዘር ሲጀምር መርፌውን አነሣለሁ። ከእኔ ጋር የነበረው ባልደረባዬ ግን የሞተሩን ሲሊንደር ማቀፍ ነበር የሚወደው፤ ጓንቱ ሲሸት ነው የሚነቃ። አንቺ ይህንን እንዳታደርጊ። ቆፈን የያዘው እጅ መቃጠሉን አያውቅም። ቤት ስትገቢም ቀጥታ ማሞቂያው ላይ አትለጥፊው፤ ከብብትሽ ሥር ይቆይ፣ ወይም ክርንሽ ሊችለው በሚችል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቺው። ማሸትም አያስፈልግም።

የሞተሬ ማኑብሪዮ ፊቱ ላይ የብረት መከላከያ ነበረው። እዚያ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ በሲባጎ አስሬ ነበር። የቢሮው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ በሁለተኛው ሳምንት ጆንያ የት ነው የሚገኘው ብለው ጠየቁኝ። ነፋሱን የከለከለ ጆንያ፣ ነፋስ ፊት ከቆመ ወፍራም ጓንት ይበልጣል። አንቺ ያለሽበት አገር ሰዎች ይህንኑ አሳምረው ሠርተውታል፤ ማኑብሪዮው ላይ የሚለበስ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የእጅ ማስገቢያ፤ ሱቅ ገብተሽ ኮፕሪማኖፖሌ በያቸው። የሚላኖው ቱካኖ ኡርባኖ ይሠራዋል፣ ሌሎችም አሉ። መልኩ እንደማያምር ዐውቃለሁ። ሆኖም ክረምት ሲገባ በዚያ አገር ደብዳቤ አመላላሹም ጠበቃውም ያደርገዋል ብለሽ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። ሌላ ነገር ከመግዛትሽ በፊት እርሱን ግዢ።

ሲገጠምልሽ ግን ቆመሽ እይ። የስኩተሩ ሞተር ጠፍቶ ሳለ ማኑብሪዮውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሪና በየበኩሉ የነዳጅ መስጫውን አዙረሽ ልቀቂው፤ ጨርቁ ሳይዘው በራሱ ተመልሶ መዝጋት አለበት። ነፋስ ሲገፋው የፍሬኑን መያዣ የሚጫን ከሆነ አይሆንም፤ ሳታውቂው ፍሬን ይዘሽ ትነጃለሽ፣ የኋላ መብራትሽም ሳያቋርጥ ይበራል። እጅሽን አስገብተሽ ዐይንሽን ጨፍኚና ክላክሱን፣ ፍሬቻውን ፈልጊ። ከዚያ ሁለቱን እጆች በአንድ ጊዜ ሳብ አድርገሽ አውጪ፤ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘብሽ መልሺው። ብትወድቂ እጅሽ ከማስገቢያዎቹ ጋር መቅረት የለበትም። ደግሞ እጄ ተሸፈነ ብለሽ ጓንትሽን እንዳታወልቂ፤ ቀጭኑን አድርጊ፣ ፍሬኑ በደንብ ይሰማሻል፣ አስፋልትም ቢያገኝሽ ቆዳሽ ይተርፋል።

ወፍራሙን ጓንት ለእግር ጉዞ ያዢው፣ ወይም ከአንቺ ለሚያንስ እጅ ስጪው። ጠባብ ነው ብለሻል፤ ጣትን የሚያጨናንቅ ጓንት ደሙን ስለሚያንቀው እጁን ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ከጣትሽ ጫፍ በላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይኑረው፤ አንገቱ ረጅም ሆኖ የጃኬቱን እጅጌ ይሸፍን። እናንተ ሆስፒታል የምታደርጉት ስስ ላስቲክ ጓንት ከሥር ሲደረግ ለአጭር መንገድ ይጠቅማል ይላሉ፤ ያላብሻል እንጂ ነፋስ አያሳልፍም። ማኑብሪዮውንም አንቀሽ አትያዢ። ቀይ መብራት ላይ ስትቆሚ ክንድሽን ወደ ታች ጥለሽ አወናጭፊው። ሰው ቢያይሽስ!

የሚሞቅ እጀታ ላስገጥም ወይ ብለሽ ነበር። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን መዳፍን ነው የሚያሞቅ፣ ብርዱ የሚመታው ደግሞ የእጅን ጀርባ። ከ30 እስከ 50 ዋት ስለሚበላ የትንሽ ስኩተር ባትሪ ያደክማል፤ የአንቺ 50 ሲሲ ስለ ሆነ መካኒኩን ጠይቂ። በኪስ የሚያዘው ማሞቂያ ርካሽ ነው። ውስጡ የብረት ዱቄት ነው፤ አየር ሲያገኘው ይዝጋል፣ ሲዝግም ይሞቃል፣ ለሰዓታት ይቆያል። ጓንት ውስጥ ካፈንሽው አየር ያጣና ይደክማል፤ እጅ ማስገቢያው ውስጥ ብታኖሪው ይሻላል። ባዶ ቆዳ ላይ አታድርጊው።

ጣትሽ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ የሚሆን ከሆነ ግን ነገሩ የጓንት አይደለም፤ ሬይኖ የሚሉት የደም ሥር ችግር ሊሆን ይችላልና እዚያው ሐኪም አሳዪ። አክስትሽም እንዲህ ይላታል፤ ውርጭ ሳይኖር እንኳ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካት። በረዶ በሚጥልበት ቀን ደግሞ ስኩተሩን ተይው፤ በትራም ሂጂ። የቲኬቱን ብር እኔ እልክልሻለሁ። ከዚህ ወደዚያ መላክ ነውር አይደለም።

እናትሽ ከመንዝ በመጣ የበግ ጸጉር የእጅ አንጓ ማሞቂያ ጀምራልሻለች፤ ከጓንቱ አፍ እስከ ክንድሽ ግማሽ የሚደርስ። ደሙ ከቆዳ አጠገብ የሚያልፈው በአንጓ ነውና ከሱቁ ጓንት ይልቅ በእርሱ እተማመናለሁ። ከጥምቀት በኋላ ወደ ሚላኖ የሚሄድ ሰው አግኝተናል። የአንጓሽን ዙሪያ በክር ለክተሽ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደ ሆነ ላኪልን። ቀለሙ የበጉ ነው፣ ጥቁርና ቡናማ፤ ቀይ ካላደረጋችሁልኝ የምትዪ ከሆነ እናትሽ ክንዱ ላይ ሳትደርስ በዚህ ሳምንት ተናገሪ።

አባትሽ