ፖስቱሎ፦ ልመና ወይስ ክስ?

ለምወድህ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምህ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታህን እለምናለሁ። እለምናለሁ ማለቴ ሆን ብዬ ነው፤ ይገባኛል የምለው ነገር አይደለምና። ፖስቱሎ የተባለውን የላቲን ግስ «ለመነ» ልበለው ወይስ «ከሰሰ» ብለህ ለጠየቅኸኝም መልሱ ከዚሁ ይጀምራል።

ላቲን ለመጠየቅ ብዙ ግሶች አሉት። ፔቶና ሮጎ ለማንኛውም ጥያቄ ይሆናሉ። ፖስቱሎ ግን ጠያቂው ተገቢ ነው ብሎ የሚያቀርበው ነው። ፍላጊቶ ከሁሉ ይበረታል፤ እየወተወቱ፣ ፋታ እየነሱ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ፖስቱሎን «ለመነ» ብለህ አትተርጉመው።

ከመወሰንህ በፊት የሚጠየቀው ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዴት እንደ ገባ ተመልከት። «አብ» ወይም «አ» («ከ») ከሚል መስተዋድድ ጋር መጥቶ «ኡት» («እንድ…») ከተከተለ ጥያቄ ነው። «አ ቴ ፖስቱሎ ኡት ቬኒያስ» ማለት «እንድትመጣ እፈልጋለሁ፣ መምጣትም ይገባሃል» እንደ ማለት ነው። ሰውየው ራሱ ተሳቢ ሆኖ «ዴ» («ስለ») ከመጣ ግን ክስ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ፖስቱላሬ አሊኩዌም ዴ ሬፔቱንዲስ» የሚለውን «ሰውን ስለ ገንዘብ መጠየቅ» ይሉታል። ሐረጉ የሚለው በሹመቱ የዘረፈውን ባለሥልጣን መክሰስ ነው። የእኛም «በወንጀል ተጠየቀ» ያው ነው፤ «ነገሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል» የምንለውንም ላቲኑ በዚሁ ግስ ይለዋል። ፖስኮ የተባለው ሌላው የመጠየቅ ግስ ግን እንዳያሳስትህ፦ እሱ ሰውየውንም ዕቃውንም ተሳቢ ያደርጋል፤ «ፖስኮ ቴ ፔኩኒያም» ገንዘብ አምጣ ነው እንጂ ክስ የለበትም።

የክሱ ትርጉም የመጣው ከሮም ችሎት ነው። የዘረፋ ጉዳይ የሚያየው ቋሚ ችሎት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ149 ተቋቋመ። ከሳሽ ለመሆን መጀመሪያ ፕሬተሩን፣ ማለት ችሎቱን የሚመራውን ሹም፣ ማስፈቀድ ያስፈልግ ነበር፤ ይህ ፖስቱላቲዮ ነው። ለመክሰስ የሚጠይቁት ከአንድ በላይ ሲሆኑ ዳኞች አንዱን ይመርጡ ነበር፤ በ70 ቅድመ ክርስቶስ የሲሲሊን ገዥ ቬሬስን ለመክሰስ ታዋቂው ተናጋሪ ኪኬሮ ተፎካካሪውን ካይኪሊዩስን የረታው በዚህ ምርጫ ነው። የተከሳሹን ስም በይፋ ማስመዝገብ ከዚያ በኋላ ነው።

የሮም የሕግ ሊቁ ኡልፒያን ደግሞ ፖስቱላሬ ማለት የራስን ወይም የወዳጅን ጉዳይ በዳኛ ፊት ማስረዳት፣ ወይም የሌላውን ጥያቄ መቃወም ነው ይላል። ከአማርኛ «አቤት ማለት» በጣም ይቀርበዋል። ዕድሜው 17 ያልሞላና ፈጽሞ የማይሰማ ሰው ግን ለራሱም አቤት ማለት አይችልም ነበር፤ የማይሰማው የተከለከለው የፕሬተሩን ትእዛዝ መስማት ስለማይችል ነው።

ያስቸገረህን ገጽ ላክልኝ፤ ተሳቢዎቹን አብረን እንለቅማቸዋለን።

ወዳጅህ