የድራፍት ዴክ 40 ካርድ እንጂ 60 አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የካርድ ጨዋታ በመዝናኛ ዓምዳችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ ለጀማሪ የሚጠቅም ነገር ነበረው። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ ጨዋታ በአማርኛ ብዙ ስላልተጻፈበት መነሳቱ ራሱ ደስ ይላል። ሆኖም «ለድራፍት 60 ካርድ፣ ከዚያ ውስጥ 24 መሬት» መባሉ ስህተት ነው። ድራፍት ተጫዋቾች እዚያው ከሚከፍቱት ፓኬት ካርድ እየመረጡ ዴክ፣ ማለትም የመጫወቻ የካርድ ክምር፣ የሚሠሩበት አጨዋወት ነው፤ መሬት ደግሞ ሌሎቹን ካርዶች ለማውረድ መክፈያ የሚያስገኝ ካርድ ነው። 60 ካርድ የሚያስፈልገው ተጫዋቹ ቤቱ ካለው ስብስብ መርጦ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ለሚመጣው ዴክ ነው። ለድራፍት ዝቅተኛው 40 ነው፤ ከዚያም ማለፍ አይመከርም።

በድራፍት አብዛኛውን ጊዜ 8 ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ያልተከፈቱ 3 ፓኬቶች ይይዛል። አንዱን ከፍቶ አንድ ካርድ ያስቀራል፣ የተረፈውን ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ካርዱ እስኪያልቅ እንዲሁ ይዞራል። አንደኛውና ሦስተኛው ፓኬት ወደ ግራ፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከ2024 ወዲህ በሚወጡት በአብዛኞቹ ፓኬቶች ውስጥ 14 ካርድ ስላለ እያንዳንዱ ተጫዋች 42 ካርድ ይዞ ይነሳል። እናንተ ባላችሁት ሒሳብ ከነዚህ ውስጥ 36ቱን መጠቀም ግድ ሊሆን ነው፤ የጨዋታው ካርዶች በሚከፈሉባቸው አምስት ቀለሞች ከተበተነ ክምር እንዲህ ያለ ዴክ አይወጣም።

መነሻው 17 መሬትና 23 ሌላ ካርድ ነው። እያንዳንዳቸው ለአንድ ቀለም መክፈያ የሚሰጡትን መሠረታዊ መሬቶች፣ ማለትም ሜዳ፣ ደሴት፣ ረግረግ፣ ተራራና ደን፣ ከፓኬት መልቀም አያስፈልግም፤ የተፈለገውን ያህል መጨመር ይፈቀዳል። ጀማሪ ግን እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጥሩ ካርድ መጣል ያሳዝነውና ሁለት መሬት አውጥቶ ሁለት ካርድ ያስገባል። ማና የሚባለው መክፈያ የሚገኘው በዋናነት ከመሬት ነው፤ በአንድ ተራም አንድ መሬት ብቻ ይወርዳል። ከ40 ካርድ 17ቱ መሬት ሲሆኑ በመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች ውስጥ አንድ መሬት ብቻ የመያዝ ወይም ጭራሹኑ የማጣት ዕድል 10.5 በመቶ ያህል ነው። መሬቱ ወደ 15 ሲወርድ ይኸው ዕድል ወደ 17 በመቶ ይጠጋል። በምትኩ የገባው ሁለት «ምርጥ ካርድ» እጅ ላይ ተይዞ ይቀራል። 16 መሬት የሚበቃው አብዛኛው ካርድ በ2 እና በ3 ማና የሚወርድ ሲሆን ብቻ ነው።

ከመሬት ቀጥሎ ዋጋን ማየት ነው። የያዙትን ካርድ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ በዋጋው ይደርድሩ፦ የ1 ማና በአንድ ረድፍ፣ የ2 በሌላ፣ እያለ እስከ 6። ከ23ቱ 15 እስከ 17ቱ ፍጡር፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ወርዶ የሚዋጋ ካርድ፣ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የቀሩት በተቻለ መጠን የተቃራኒን ፍጡር የሚገድሉ ወይም ከጨዋታ የሚያስወጡ ይሁኑ። በ2 ማና የሚወርዱ ፍጡራን ከ5 ካነሱ ያ ዴክ ችግር አለበት። ባለ 6 ማና ግዙፍ ዘንዶ ሜዳ ላይ እስኪደርስ ተቃራኒው በሁለተኛውና በሦስተኛው ተራ ያወረዳቸው ትንንሾች ተጫዋች ከሚጀምርበት 20 የሕይወት ነጥብ ግማሹን ሊወስዱ ይችላሉ። በ6ና ከዚያ በላይ የሚወርድ ካርድ ሁለት ቢሆን ይበቃል፤ ሦስተኛው በጣም ጠንካራ ካልሆነ ይቅር። «ውድ ካርድ የደረሰው ያሸንፋል» የሚለው አባባላችሁም አያስኬድም። በገበያ ውድ የሆነ ካርድ ብዙ ጊዜ ውድ የሆነው በ60 ካርድ ዴክ ውስጥ ስለሚፈለግ ነው፤ ድራፍት ላይ ምንም የማይሠራም አለ።

ቀለም ሁለት ይሁን። ሁለቱንም በመጀመሪያው ምርጫ መወሰን አይገባም፤ ሁለተኛው ፓኬት ሲጋመስ ግን ያልወሰነ ሰው 23 የሚሞላ ካርድ ያጣል። እዚህ ላይ የግራው ጎረቤት መታየት አለበት። በአንደኛው ፓኬት ጠንካራ ቀይ ካርዶችን ደጋግመው ካቀበሉት እሱም ቀይ መያዙ አይቀርም፤ በሁለተኛው ፓኬት ዙሩ ሲገለበጥ ደግሞ የሚያቀብልዎ እሱ ነውና ቀዩን አስቀርቶ ትርፉን ይልክልዎታል።

መሬቱን ለሁለቱ ቀለሞች ሲያካፍሉ በካርዶቹ ጥግ ላይ ያሉትን የማና ምልክቶች ይቁጠሩ። ከሞላ ጎደል እኩል ከሆኑ 9 በ8 ያድርጉ፤ 9ኙ በሁለተኛ ተራ መውረድ ያለባቸው ካርዶች ለሚበዙበት ቀለም ይሁን። ሦስተኛ ቀለም ለአንድ ወይም ለሁለት ካርድ ሲባል በ3 መሬት ማስገባት ይቻላል። ነገር ግን ቀድሞ የሚጫወት ሰው አራተኛ ተራው ላይ ሲደርስ ያየው 10 ካርድ ነው፤ ከነዚያ 3 መሬቶች ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉም 59 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ካርድ ቆይቶ ቢወርድም የማይጎዳ፣ የዚያ ቀለም አንድ ምልክት ብቻ ያለበት ይሁን። ባለ 2 ማና ፍጡር በሦስተኛ ቀለም ማስገባት ከንቱ ነው።

በመጨረሻ ለ23ቱ ቦታ 25 ወይም 26 ካርድ ይቀርና የትኛው ይውጣ የሚል ጭንቀት ይመጣል። 41 አድርጎ መገላገል ልማድ ሆኗል፣ አልደግፈውም፤ አንድ ካርድ በጨመረ ቁጥር ምርጡን የመሳብ ዕድል ይቀንሳል። መጀመሪያ የሚወጣው ሌላ የተወሰነ ካርድ ከሌለ የማይሠራው ነው፤ ቀጥሎ ተቃራኒውን የማይነካ፣ ራሱም የማይዋጋ፣ የሕይወት ነጥብ ብቻ የሚጨምር። የተረፉት አይጣሉም። በጨዋታና በጨዋታ መካከል ማቀያየር ስለሚፈቀድ ለምሳሌ ተቃራኒው በራሪ ፍጡራን ካበዛ ሁለተኛው ጨዋታ ላይ እነሱን የሚያግድ ካርድ ማስገባት ይቻላል።

እርማት የምታወጡ ከሆነ 40፣ 17 እና 23 የሚሉት ሦስቱም ቁጥሮች አንድ ላይ ይታተሙ። 40 ብቻ ከተጻፈ አንባቢው «24 መሬት» የሚለውን ከቀደመው ጽሑፍ ይዞ ከመሬት ሌላ 16 ካርድ ብቻ ያለው ዴክ በውዞ ይቀርባል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከሜሪላንድ