ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ ፈተናው ሥራውን ይምሰል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው፣ ጉዳዩ የብዙ ሰው ነው ግን ከእህቴ ልጀምር፣ አይኔ እያየ የሆነ ነገር ስለሆነ።

ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ለእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኛ እቀጥራለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። መስፈርቱ ላይ "ሙሉ የአካል ብቃት ያለው/ያላት" ይላል፣ ስንት ኪሎሜትር፣ በስንት ደቂቃ፣ ምን ተሸክሞ፣ የሚል ነገር የለም። ፈተናው ደሴ ነው ተባለ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን በሚኒባስ ወጣን፣ ብርዱ ለጉድ ነው፣ የሜዳው ጤዛ ጫማ ያርሳል፣ 3 ኪሎሜትር በ15 ደቂቃ የሚለውን የሰማነው እንግዲህ እዛው ቆመን ነው። ሰዓት የሚይዘው ልጅ በስልኩ ነው የሚይዘው፣ መሃል ላይ ተደውሎለት ሲያወራ አይቻለሁ። እህቴ 20 ሰከንድ አሳልፈሻል፣ ወድቀሻል፣ ቀጣይ! ተባለች። አብሽሪ ብዬ ይዣት ተመለስኩ፣ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ይቺ ልጅ እኮ ውሃ በጠፋ ቁጥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ አራተኛ ፎቅ የምትወጣ ናት፣ ያውም ለኛ ቀድታ ስትጨርስ ለጎረቤት እናቶችም ትደግማለች። እሳት ሲነሳ የሚፈለገው ይሄ አይደል እንዴ? አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚሰጠው ፈተና 22 ኪሎ ከግማሽ ገደማ የሚመዝን ሰደርያ ለብሰህ ስምንት ነገር በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ መጨረስ ነው፣ ደረጃ መውጣት፣ የውሃ ጎማ መጎተት፣ መሰላል ማቆም፣ ሰው የሚያክል አሻንጉሊት ጎትቶ ማውጣት፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ከፈተናው በፊትም ዕቃውን እየነኩ ይለማመዳሉ። ከባድ ነው፣ ይክበድም፣ የሰው ነፍስ ነው፣ እኔ ይቅለልልን አላልኩም።

ደሞ የቦታው ነገር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች፣ ከታች የመጣ ሰው እዛ ሲሮጥ ትንፋሽ እንደሚያጥረው የስፖርት መምህር ሁሉ ያውቃል። ሥራው ኮምቦልቻ ሆኖ ሩጫው ደሴ የሚሆንበት ምክንያት ምንድነው?

ካናዳ ውስጥ የደን እሳት የምታጠፋ ሴት ሥራዋን በደንብ እየሠራች እያለ 2.5 ኪሎሜትር በ11 ደቂቃ የሚል አዲስ ፈተና መጣና በ49 ሰከንድ ገደማ አለፈባት፣ ከሥራ ወጣች፣ ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ፈተናው ለሥራው ማስፈለጉ አልተረጋገጠም ተብሎ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኛ ጋ ይሄን የሚጠይቅ ማነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ሠራተኛን በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ ያስደርግ ይላል። ከቅጥር በፊት ላለ ሩጫ አይሠራም ትሉኝ ይሆናል፣ ግን ያን ቀን ከመሮጣቸው በፊት የአንዱንም ሰው ግፊት የለካ አልነበረም፣ ባዶ ሆዱን የመጣም ነበር፣ አንዷ መጨረሻ ላይ ተዝለፍልፋ ወድቃ ውሃ ያፈሰስንባት እኛው ነን።

ስለዚህ እባካችሁ ጉልበት ለሚጠይቅ ሥራ ሁሉ፣ ለጫኝና አውራጁም ለጥበቃውም፣ ፈተናው ከሥራው ተነስቶ ይውጣ፣ ልኩ ማስታወቂያው ላይ አብሮ ይጻፍ፣ ሰው የሚዘጋጅበት ሳምንታት ይሰጠው፣ ሰዓቱን ሁለት ሰው ይያዝ፣ የወደቀም ቅሬታ የሚያቀርብበትና ድጋሚ የሚፈተንበት መንገድ ይኑር። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካ ሲገቡ የቅጥር ፈተናውንም ይዩልን።

ያን ቀን ከእህቴ ጋር የወደቁ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፣ ስልካቸውን ይዣለሁ፣ ልትሰሟቸው ከፈለጋችሁ ሁሉም ይመጣሉ።

ወንድሟ
ከኮምቦልቻ