ለአባቴ፣ ስለ ሞተሩ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 18

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ የግራ እጅዎስ? እኔ ከነልጆቼ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትልቁ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው፣ ለፈተና እያነበበ ነው፤ ሒሳቡ በእርስዎ ወጥቷል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ወርውሪው ብንላት «አያቴ ቤት ጣሪያ ላይ ነው የምወረውረው» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው። በየማታው እየፈታች ታየዋለች። ስለ ልጆቹ ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ ግን የተነሣሁበት ነገር ሌላ ነው።

እሑድ ታናሼ ሲደውል ከበስተኋላው ሞተር ብስክሌትዎ ሲተኩስ ሰማሁ። «ስልኩን ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ጋ አስጠጋልኝ፣ ጋዝ ስጠውና ድንገት ልቀቀው» አልኩት። ሲሰጠው ደህና ነው፤ ሲለቀው ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከዚያ እርስዎን አቅርብልኝ ብዬ ስጠይቅዎ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «የምን ተኩስ? ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው።» እኔ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ርቄ በስልክ ሰምቼዋለሁ። እርስዎ ላዩ ላይ ተቀምጠው አልሰሙትም። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

መጀመሪያ የሞተሩን ልንገርዎ። ጋዝ ሲሰጡት ቢተኩስ ኖሮ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ፣ የእሳት ሰዓት ወይም ቫልቭ ነው ብዬ እጀምር ነበር። ጋዝ ሲለቁት ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጋዙ ሲዘጋ ወደ ሲሊንደሩ የምትገባው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ስትነጻጸር በጣም ታንሳለች፤ ስለዚህ ውስጥ በደንብ ሳትነድ ወደ ማርሚታ ትወጣለች። እዚያ የጋለ ቱቦ ይጠብቃታል። ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ ክፍተት ካለው ደግሞ በየትንፋሹ መሀል ከውጭ አየር ይስባል። ያልነደደ ቤንዚን፣ አየርና ግለት ሲገናኙ ይተኩሳል። ዳገት ላይ ዝም ብሎ ቁልቁለት ላይ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ወንድሜን ቱቦው ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበትን አንገት በባትሪ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ጥቁር ጥላሸት ከመገጣጠሚያው ወጥቶ ቴስታታው ላይ እንደ ኩል ተሰምሯል። ከዚያ በኋላ ነው ከፋሲካ በፊት ማርሚታውን አውርዶ ማስበየዱን የነገረኝ። ሲመልሰው መገጣጠሚያውን የሚዘጋውን አሮጌ ጓርኒሲዮን መልሶ ከተተው። እሱ ቀለበት አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ዳዶውን ምን ቢያጠብቁት ዳግመኛ አይዘጋም። አይቆጡት፣ አያውቅም። ማንም አላስተማረውም። አዲሱን ከዚህ ገዝቻለሁ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሁለቱን ዳዶዎች ተራ በተራ በትንሽ በትንሹ ነው የሚጠብቁት፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ከሄዱ ቀለበቱ ይንጋደዳል።

ይህ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ካንዴላውን ፈትቶ ፎቶ ላከልኝ። ቤንዚን የበዛበት ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፤ ደህነኛው ለቆሎ የደረሰ ገብስ ይመስላል። የእርስዎ እንደ አመድ ነጭ ነው። በካርቡራተሩና በቴስታታው መሀል ያለው ጎማ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ እንደሆነ ብዬ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይሰጠው አስነሥቶ ጎማው ዙሪያ ውኃ እንዲያንጠባጥብ አደረግሁት። ድምፁ አልተለወጠም። ጎማው ደህና ነው። ሞተሩ ቤንዚን ያነሰው ከሌላ ነገር ነው፣ ያንን ነገር ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

እኔ 8ኛ ክፍል የነበርኩበትን ክረምት ያስታውሳሉ። ያን ጊዜ የክትባቱን ሣጥን ከኋላ አስረው ጮቄ ተራራ ይወጡ ነበር። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፤ ቤንዚኑ ይበዛበትና ያፍነዋል። ስለዚህ የሚኒሞውን ጂግለር፣ ቤንዚን የምታልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብረት አውጥተው 38 የነበረውን ቀዳዳው ጠበብ ባለው 35 ለወጡት። ወደ ደጋው ግርጌ ሲመለሱ 38ቱን ሊመልሱ። እኔ ሲለውጡ በበሩ ቀዳዳ አይቼ ነው ያወቅሁት። ላስደስትዎ ብዬ ካርቡራተሩን አውርጄ በቤንዚን ሳጥብ ደረሱ። 38ቱ ጂግለር ከተቀመጠበት ክዳን ላይ ጠፍቶ ነበር። እንግዶቹ ፊት «ሴት ልጅን የብረት ነገር ምን አግብቷት» አሉ። ማታውኑ የቁልፍ ሣጥኑን ለወንድሜ ሰጡት። የ6 ዓመት ልጅ ማንሣት አቅቶት በሁለት እጁ መሬት ለመሬት ሲጎትተው አሁንም ይታየኛል።

አባዬ፣ ጂግለሩን በሦስተኛው ቀን ግቢውን ስጠርግ ከድንጋዮቹ መሀል አገኘሁት። አልሰጠሁዎትም። ተናድጄ ነበር። ከዚያም ቀኑ እየራቀ ሲሄድ አፈርኩ። ጋራዥ ሥራ ስገባ ለሰው «ልጄ አዲስ አበባ ቢሮ ትሠራለች» ይሉ እንደነበር ስሰማ ደግሞ ጨርሶ እልህ ያዘኝ። አስተምረው፣ አብልተው፣ አልብሰው አሳድገውኛል፤ ያንን አልረሳም። ቢሮ የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። እጄን ዘይት ሲነካው የኖረው እርስዎን አይቼ ነው።

38ቱ ከእኔ ጋር ነው። በጣም ትንሽ ነው፣ ቁጥሩ ግን አሁንም ይነበባል። ሞተሩ እስከ ዛሬ በጮቄው ጂግለር ነው የሚሄደው። ደብረ ማርቆስ ላይ ችሎታል። አክስቴን ሊጠይቁ ወደ ዓባይ ቆላ ሲወርዱ ግን ከደጀን በታች ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ አየሩ ይከብዳል፣ ቤንዚኑ ይበልጥ ያንሳል፣ ይተኩሳል።

አሁን የፈራሁትን ልበል። ማርሚታውን ካልሰሙት፣ የአይሱዙውን ጥሩንባስ እንዴት ይሰማሉ? በዚያ ጠመዝማዛ ከኋላ የሚመጣ መኪና ሲደርስብዎ በምን ያውቃሉ? ፍሪሲዮኑን የሚጨብጠው ያ የሚደነዝዘው እጅዎ ነው። ታናሼ ባለፈው ወር ሉማሜ አጠገብ ወድቀው እንደነበር ነግሮኛል፤ «አትንገራት» ብለውት። ቁልፉን እቀማዎታለሁ አላልኩም። መጀመሪያ ጆሮዎን የሚያይ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ፣ እጅዎንም ያሳዩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚለውን ሰምተን እንነጋገራለን፣ ሊቆጡኝ ይችላሉ።

ለግንቦት ልደታ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ጓርኒሲዮኑንም ጂግለሩንም ይዣለሁ። እስከዚያ ሞተሩን አያስነሡት፤ ለቀብር ቢሆን እንኳ በባጃጅ ይሂዱ። የቁልፍ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር ያስወጡልኝ። ካርቡራተሩን እኔ አወርዳለሁ፤ እርስዎ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ካቻቢቴውን ያቀብሉኛል።

ልጅዎ