የአድራሻ መዝገብ ስትጋሩ ይህን አስተውሉ

ውድ አባላት፣

ሁለት ድርጅቶች አብረው መሥራት ሲጀምሩ፣ አንዱ ኢሜይሉን በማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ፣ ሌላው በጉግል ዎርክስፔስ የሚያስተዳድር ከሆነ፣ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ "የእነሱ ሰዎች እኔ ጋ ለምን አይታዩም?" የሚል ነው። ብዙዎቻችን የሰዎቹን ዝርዝር በሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) አውጥተን እንላላካለን። ለጊዜው ይሠራል። ከዚያ አንዱ ሥራ ይለቃል፣ ሌላው ክፍል ይቀይራል፣ ዝርዝሩም ያረጃል። ሁለቱን መዝገቦች በየጊዜው በራሱ የሚያመሳስል መንገድ መዘርጋት ይሻላል። በኤልዳፕ (የአድራሻ መዝገብን በኔትወርክ መጠየቂያ ፕሮቶኮል) ሰው የምትፈልጉ ከሆነ ግንኙነቱ የተመሰጠረ ይሁን፤ የዚህ ግንኙነት ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) ብዙ ጊዜ 636 ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም) የውስጥ ተቀባይን የሚያስታውሰው በኤክስቼንጅ የውስጥ መለያው ነው። የሰውየው የኢሜይል ሳጥን ወደ ሌላ ሥርዓት ሲዛወር፣ ለቆየ መልእክቱ የተጻፈ መልስ ሳይደርሰው ወደ ላኪው ተመልሶ ይመጣል። ስሙ ትክክል ነው፣ ሰውየውም አለ። ላኪው ግራ ይገባዋል። መፍትሔው ኤክስቼንጅ ላይ በሚቀረው የሰውየው መዝገብ ውስጥ የድሮውን መለያ እንደ ኤክስ500 አድራሻ (የውስጥ መለያን የሚይዝ ተጨማሪ የአድራሻ ዓይነት) መጨመር ነው።

ሲኤስቪ የግድ ከሆነባችሁ በዩቲኤፍ-8 (የእኛን ፊደል ጭምር በሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) አስቀምጡት። አለበለዚያ በፊደላችን የተጻፈው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀር ይችላል። የሠራተኞችን የግል ስልክ ቁጥር ደግሞ ከማጋራታችሁ በፊት ከዝርዝሩ ሰርዙት፤ እነሱ አልፈቀዱም።