ፖፖ የሚጀመረው በትምህርት ቤት ምዝገባ ቀን አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ነሐሴ በገባ ቁጥር ከወላጆች የሚበዛው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ልጃችንን ነርሰሪ ልናስገባ ነው፤ ዳይፐር ያልለቀቀ አንቀበልም አሉን። በሁለት ሳምንት እንዴት እናስለቅቀው?» በሁለት ሳምንት፣ ያውም በነሐሴ፣ አይሆንም። በዝናቡ ምክንያት በቀን የሚቀየረው ስምንትና አሥር ሱሪ አይደርቅም፤ ቤተሰቡም ቀን እየቆጠረ ስለሚጨነቅ ጭንቀቱ ወደ ልጁ ይጋባል። ሕፃናትን የምንከታተል ነርሶች እንደመሆናችን ፖፖ ማስለመድ መቼና እንዴት ቢጀመር እንደሚሻል ለአንባቢዎቻችሁ እንድታደርሱልን ይህን ጽፈናል።

ልጁ መድረሱ የሚታወቀው ከራሱ ነው። ዳይፐሩ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ያህል ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ከቀን እንቅልፉም አንዳንዴ ሳይረጥብ ይነሳል። ሰገራው የሚመጣበት ሰዓት መታወቅ ይጀምራል፤ ሲመጣበት ጨዋታውን አቁሞ ከመጋረጃ ኋላ ወይም ከሶፋው ጥግ ይሸሸጋል። ሲረጥብ ይነጫነጫል፣ ዳይፐሩን ይጎትታል። «ጫማህን አምጣ» ሲሉት ያመጣል፤ ሱሪውን ዝቅ ለማድረግ ይታገላል። «ሺሺ» ይበለው «ካካ»፣ በሆነ ቃል ይናገራል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ባይሟሉም አብዛኞቹ ከታዩ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚታዩት በ18ኛውና በ30ኛው ወር መካከል ነው፤ ወንዶች ልጆች ከሴቶቹ ጥቂት ወራት ቢዘገዩ አያስደነግጥም።

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዘልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጥናት 1,170 ሕፃናትን ተመልክተው ነበር። ሳይገደዱ ፖፖ የለመዱት እነዚያ ልጆች ቀን ቀን ከዳይፐር የተላቀቁት በአማካይ በ28 ወር ተኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የፊላዴልፊያ ጥናት ደግሞ ቀደም ተብሎ የተጀመረላቸው ልጆች ማስለመዱ እንደሚረዝምባቸው፣ ከ27 ወር በፊት አጥብቆ መያዝም ቶሎ ለመጨረስ እምብዛም እንደማይጠቅም አሳይቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ከተጀመረ በኋላም ቀን ቀን ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ከሦስት እስከ ስድስት ወር መውሰዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ በመስከረም ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ምልክቶቹን ካሳየ ጥር ወይም የካቲት ላይ መጀመር ይሻላል፤ ፀሐይ አለ፣ ልብስ ይደርቃል፣ ልጁም ግቢ ውስጥ በቀላል ልብስ ይውላል። አዲስ ሕፃን በተወለደ ሰሞን፣ ቤት ሲቀየር፣ ሞግዚት ስትለወጥ ወይም ልጁ ሲታመም ግን ይቆይ።

«እኛ እኮ ዓመት ሳይሞላቸው አስለምደናል» የሚሉ እናቶችና አያቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሕፃኑን ጭን ላይ ይዞ «ሽሽሽ» እያሉ ማሸናት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ጥናትም በኬንያ ጠረፍ የሚኖሩ የዲጎ ብሔረሰብ እናቶች ልጆቻቸውን በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማስለመድ ጀምረው በአምስትና በስድስት ወራቸው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ እንደሚያደርጓቸው ተመዝግቧል። ያ የሚሆነው ግን እናት ልጇን ቀኑን ሙሉ አዝላ ስትውልና እያንዳንዱን እንቅስቃሴውን ስታውቅ ነው፤ ሰዓቱን የምታውቀው እሷ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ የምትገባ እናት ልጇን በዳይፐር ለሞግዚት ትታ ስትሄድ ያ ትስስር ይቋረጣል፤ በሁለት ዓመቱ ስንጀምር ሰዓቱን ማወቅ ያለበት ራሱ ልጁ ነው። አያቶችን የምንለምነው ይህን ልዩነት አይተው ምራታቸውን ወይም ልጃቸውን «ሰነፍ» እንዳይሉ ነው።

ፖፖ ስትገዙ መሠረቱ ሰፊና የማይንሸራተት ምረጡ። ልጁ ሲቀመጥበት ሙሉ የእግሩ መዳፍ መሬት ይንካ፣ ጉልበቱም ከዳሌው ትንሽ ከፍ ይበል። በትልቁ የሽንት ቤት መቀመጫ የምታስለምዱ ከሆነ የልጅ ማጥበቢያና 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ዱካ ያስፈልጋል። የተለመደው መቀመጫ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ያለ ዱካ የተቀመጠ ልጅ እግሩ አየር ላይ ይቀራል፤ እንዳይወድቅ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨብጦ መላ ሰውነቱን ያጠነክራል። ፊንጢጣውንና የሽንት መውጫውን የሚዘጉት ጡንቻዎች አብረው ስለሚጠነክሩ እንኳን ሰገራ ሽንትም በቅጡ አይወጣለትም። ሱሪው ወገቡ ላስቲክ ይሁን፤ ቁልፍ፣ ዚፕና ባለ ማንገቻ ቱታ ለጊዜው ይቀመጡ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ፖፖው ልጁ በሚውልበት ክፍል ይቀመጥና ልብሱን ሳያወልቅም ቢሆን ይቀመጥበት፤ ዳይፐሩ ላይ የተገኘውን ሰገራ እሱ እያየ ፖፖው ውስጥ ጣሉት፣ የት መውረድ እንዳለበት ይገባዋል። ቀጥሎ ቀን ቀን ዳይፐሩ ይወልቅ። የመቀመጫ ሰዓቱ ጠዋት እንደነቃ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ፣ ከቀን እንቅልፍ ሲነሳ፣ ማታ ከመተኛቱ በፊት ነው፤ በመካከሉ ሁለት ሰዓት ገደማ ካለፈ አንድ ጊዜ ይጨመራል። ከምግብ በኋላ ያልነው ጨጓራ ሲሞላ ትልቁ አንጀት ስለሚነቃቃ ነው፤ ሰገራ ፖፖ ላይ የማግኘት ዕድል የሚሰፋው በተለይ ከቁርስ በኋላ ነው። ቆይታው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። ካልመጣ «ደህና፣ በኋላ እንሞክራለን» ብሎ ማስነሳት ነው፤ አንድ ሰዓት ማስቀመጥ ቅጣት ይሆንበታል።

በየ20 ደቂቃው የሚያስቀምጡም አሉ፤ ወለሉ ይደርቃል፣ ልጁ ግን አይማርም። የሁለት ዓመት ልጅ ፊኛ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሞልቶ ሲወጥረው ካልተሰማው በራሱ ጊዜ መናገር አይችልም። «ሽንትህ መጣ?» እያሉ መጠየቅም አይረዳም፤ በዚያ ዕድሜ መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። «አሁን ፖፖ ላይ የምንቀመጥበት ሰዓት ነው» ማለት ይሻላል። ሲሳካለት «ጎበዝ፣ ፖፖ ላይ ሸናህ!» ይበቃዋል፤ በየጊዜው ከረሜላ መስጠት ወደ ድርድር ይወስዳል። ሱሪው ላይ ሲያመልጠው ደግሞ ሳትቆጡ «ሽንት ፖፖ ላይ ነው» በሉትና ደረቁን ሱሪ ራሱ እንዲያመጣ አድርጉ። ወንድ ልጅም መጀመሪያ ተቀምጦ ይልመድ፤ ሰገራና ሽንት አብረው ስለሚመጡ ቁሞ መሽናቱ ይደርሳል። ሴት ልጅ ከፊት ወደ ኋላ ትጠረግ፤ ከኋላ ወደ ፊት ሲጠረግ የሰገራ ጀርም ወደ ሽንት መውጫዋ ይገባል። እናት፣ አባት፣ አያትና ሞግዚት አንድ ዓይነት ቃልና ሰዓት ይያዙ። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ፖፖውን ባየ ቁጥር የሚያለቅስ ከሆነ ያለ ወቀሳ ዳይፐሩን መልሳችሁ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ዕረፍት ስጡት።

ከሁሉ ይበልጥ የምንሰጋው ለሆድ ድርቀት ነው፤ ብዙው ጣጣ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። አንድ ቀን የወጣ ደረቅ ሰገራ ልጁን ያሳምመዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ሲመጣበት ይይዘዋል። በእግሩ ጣቶች ጫፍ ይቆማል፣ ጭኖቹን ያጣምራል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ወላጅ አይቶ «እያማጠ ነው» ይላል፤ ልጁ ግን እንዳይወጣበት እየታገለ ነው። በተያዘ ቁጥር አንጀቱ ውኃውን ይመጥጠውና ሰገራው ይበልጥ ይደርቃል፣ ይተልቃል፤ ሲወጣም ከፊተኛው የባሰ ያማል። ሳምንታት ሲቆጠሩ የአንጀቱ መጨረሻ ስለሚለጠጥ ልጁ መሙላቱ አይሰማውም፤ ቀጭን ሰገራ በደረቁ ዙሪያ እያፈተለከ ሱሪውን ያበላሻል። ይህን ወላጅ ተቅማጥ ወይም ስንፍና አድርጎ ያየዋል። የተጠራቀመው ሰገራ ፊኛውን ስለሚጫነው ሽንቱም ያመልጠዋል። ቁንጥጫ፣ «መርፌ ትወጋለህ» የሚል ማስፈራሪያና በእህት በወንድም ፊት ማዋረድ የሚጎዱት ለዚህ ነው፤ የፈራ ልጅ ይይዛል፣ የያዘ ልጅ ይደርቃል።

ስለዚህ ፖፖ ማስለመዱ ከመጀመሩ በፊት ሰገራው ለሁለት ለሦስት ሳምንት ለስላሳ መሆን አለበት። የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር አይብለጥ፤ በወተት የጠገበ ልጅ ምግብ አይበላም። ብስኩትና ነጭ ዳቦ ቀንሳችሁ ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነሥጋው፣ በደንብ የበሰለ ጎመን፣ ምስርና ስኳር ድንች አብዙለት፤ ውኃ በየመሐሉ ይጠጣ። በዚህ ካልተስተካከለ ሐኪም እንደ ላክቱሎዝ ያለ የሚያለሰልስ ሽሮፕ ያዛል፤ ሰገራው በለሰለሰ ማግሥት አታቋርጡት፣ የተለጠጠው አንጀት እስኪመለስ ወራት ይፈልጋል። ሳሙና ቀርጾ በፊንጢጣ ማስገባት፣ የጉሎ ዘይትና ኮሶ ለሕፃን አይሆኑም። ሽንቱን ለምዶ ለሰገራ ብቻ ዳይፐር የሚጠይቅ ልጅ ካለ አትከልክሉት። መጀመሪያ ዳይፐሩን አድርጎ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይሁን፣ ቀጥሎ ዳይፐሩን እንዳደረገ ፖፖው ላይ ይቀመጥ፣ ቀጥሎ ዳይፐሩ ከሥሩ ይቀደድ፤ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ይለቀዋል።

ጉድጓድ ሽንት ቤት የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ልጁን በትልቁ ቀዳዳ ላይ ማስቀመጥ የለባቸውም። አደጋ ነው፤ ጨለማውና ሽታውም ያስፈራዋል። ፖፖ ላይ ይጸዳዳና ሰገራውም ፖፖው የታጠበበት ውኃም ጉድጓዱ ውስጥ ይደፋ። የሕፃን ሰገራ ምንም አያደርግም ብሎ ጓሮ ወይም ቱቦ መድፋት ስህተት ነው። ትራኮማን የምታዛምተው፣ ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ነው፤ በትራኮማ በዓለም ከፍተኛውን ሸክም የተሸከመች አገራችን ናት። ፖፖው በሳሙና ይታጠብ፣ ያጠበውም ሰው ልጁም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

የሌሊቱ ነገር ሌላ ነው። ሌሊት ሽንት የሚቀንሰው ሆርሞንና ከእንቅልፍ የመንቃት ችሎታ በየልጁ በራሳቸው ጊዜ ይበስላሉ፤ በማስለመድ አይመጡም። ጠዋት ጠዋት ተከታትሎ ደረቅ እስኪሆን ማታ ዳይፐር ይደረግለት፣ ፍራሹ ላይ ላስቲክ ይነጠፍ። አምስት ዓመት ከሞላቸው ልጆች 15 በመቶ ያህሉ አልጋ ላይ ይሸናሉ፤ ብዙ ጊዜም ከወላጆቹ አንዱ በልጅነቱ እንዲሁ ነበር።

ሐኪም ጋ ሳትዘገዩ ውሰዱት የምንለው ሲሸና የሚያለቅስ ወይም ትኩሳት ያለው፣ ሽንቱ ወይም ሰገራው ደም ያለበት፣ ሽንቱ ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ፣ የወንድ ልጅ ሽንት ቀጥኖ የሚወርድ፣ እግሩ የሚደክም ልጅ ሲሆን ነው። ውኃ አልጠግብ ብሎ ሽንት የሚያበዛ፣ በተለይም እየከሳ የሚሄድ ልጅ የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ከስድስት ወር በላይ ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረ ልጅ፣ ወይም አራት ዓመት ሞልቶት ቀን ቀን ያልለመደ እንዲሁ ምርመራ ያስፈልገዋል።

የነርሰሪ ባለቤቶችንም አንድ ነገር እንለምናለን። የሦስት ዓመት ልጅ ቤቱ ለምዶም አዲስ ቦታ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማምለጡ አይቀርም፤ በዚህ ምክንያት ወደ ቤት አይመለስ፣ ክፍል ፊት አይቁም። ሽንት ቤቱ የልጅ ቁመት ያለው መቀመጫ ወይም ዱካ፣ ውኃና ሳሙና ይኑረው። «ሽንቴ መጣ» ያለ ልጅ «የዕረፍት ሰዓት እስኪደርስ ጠብቅ» አይባል፤ መያዝ የሚችለው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ወላጅም በቦርሳው ሁለት ቅያሬ ልብስና ባዶ ፌስታል ይክተት፤ ልጁ ቤት የሚጠቀምበትን ቃል ለመምህርቷ በወረቀት ጽፎ ይስጣት።

ከአክብሮት ጋር
የሕፃናት ነርሶች፣ አዲስ አበባ